ፊቷ የነጣ ብስኩት

እስቲ ይህን ብስኩት እዩት። ጠጋ ብላችሁ እዩት እንጂ ከሩቅ አትገላምጡት። አሁን ከምድጃ መውጣቱ ነው። ቅርጹ የሴት ልጅ ነው፤ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች፣ ጠብ ፈልጋ የቆመች የምትመስል ልጅ። ቀሚሷ በቀረፋና በቅርንፉድ ጠይሟል። እጆቿም አንገቷም እንደዚያው ናቸው። ፊቷ ግን ነጭ ነው፤ የታመመ ሰው ፊት እንደሚነጣው ዓይነት። ሊጡ አንድ፣ እሳቱ አንድ፣ የጋገረችውም እጅ አንድ፤ ታዲያ ፊቷ ብቻ ምን ሆኖ ነጣ?

ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው በሕንፃው ውስጥ ጠፋ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሁሉም አየ፣ ሁሉም አፉን ይዞ ተደነቀ፣ ከዚያ ሁሉም ወሬውን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ። በመሀሉ አንዲት ሕፃን እያለቀች ነበር።

ጋጋሪዋን ቀረፋ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሱንም በምላሱ የተነሳ ምላጭ ይሉታል። «እትዬ ቀረፋ፣ መጣሽ? አፍንጫዬ ከዓይኔ ቀድሞ አየሽ» ይላታል በበሩ ባለፈች ቁጥር። እሷም «አፍንጫህን ተወውና የሰውየውን ጆሮ ጠብቅ፣ ልትቆርጠው ነው» ብላ ታልፋለች።

ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተኳሽ ናት። ዕድሜዋን በእንፋሎት ውስጥ ቆማ አንሶላ ስትተኩስ ስለኖረች የጋለ ትሪ በባዶ እጇ ብትይዝ አይሰማትም። የእሷን አንሶላ ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ አራቱንም ጥግ ወደ ውስጥ ሰብራ ነው የምታጥፈው። «ለምን ትደክሚያለሽ? በሽተኛ መች ጥጉን ያያል?» ሲሏት፣ «የተኛ ሰው ከጥግ ሌላ ምን የሚያየው አለ?» ትላለች።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። አንድ መስኮቱ ከማዶው ሕንፃ ግድግዳ ጋር ተፋጦ ስለቀረ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እንኳ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን አመድ አመድ ይላል። እዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነው ይኖራሉ፤ ቀረፋ፣ አውቶቡስ ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ልጇ፣ እና ሚጢጢ የሚሏት የልጅ ልጇ።

ሚጢጢ ገና በጨቅላነቷ ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሮቿ ክብሪት አክለው ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ መርምራ ቁርጡን ነገረቻቸው። ስንዴና ገብስ ለዚህች ልጅ አይሆንም፤ አንጀቷን ከውስጥ ይጎዳዋል። ትንሽ፣ ለቅምሻ፣ ለዛሬ ብቻ የሚባል ነገር የለም፤ ፍርፋሪው ቀርቶ ብናኙ ይበቃታል። በዚያ ላይ እንቁላልና ወተትም ሰውነቷ አይቀበልም።

ደረጃው ላይ ወሬው ሲደርስ ምን ተባለ መሰላችሁ? «የምን ስንዴ ነው የሚጎዳ? እኛ በዳቦ አይደል ያደግነው!» ተባለ። ምላጭም «አንድ ቁራሽ ዳቦ ማንን ገድሏል» አለ። እናንተ በዳቦ አደጋችሁ፤ እሰየው፣ ደግ አደረጋችሁ። እሷ በዳቦ ትሞታለች። ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት ትምህርት ቤት መቀመጥ ያስፈልጋል?

ቀረፋ ግን ተረዳች። ቤት ውስጥ ያለውን ዱቄት ለቅማ አወጣች። ወንፊቱን፣ ትሪውን፣ መዳመጫውን፣ የእንጨት ማንኪያውን ሁሉ ለሰው ሰጥታ በአዲስ ተካችው። የመደርደሪያውን ስንጥቅ በጥርስ ብሩሽ ፈተገች። ከዚያ ልጅቷ እንደ እኩዮቿ ጣፋጭ ነገር በእጇ ይዛ እንድትወጣ ብላ ብስኩት መጋገር ጀመረች። የሩዝ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ትንሽ ሄል። የመጀመሪያው ገና ሲነኩት እንደ አሸዋ ተናደ። የሚቀጥለው ድንጋይ ወጣው፤ ምላጭ ቀምሶ መንጋጋውን እያሻሸ «እትዬ ቀረፋ፣ ይሄንን ለግንበኛ ብትሰጪው ይሻላል» አላት።

እንቁላሉን የሚተካ ነገር ነበር የቸገራት። በኋላ ተልባ ፈጭታ በሞቀ ውሃ ዘፈዘፈች፤ ሲውል እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። ሊጡ ውስጥ ስትጨምረው ያዘ። እንዲያውም ከመያዝ አልፎ የነካውን ሁሉ ይዞ የሚነሳ ሆነ፤ ከጣት ላይ ለማላቀቅ ቢላ የሚያስፈልገው።

ከሁሉም ዕቃ ሳትሰጥ ያስቀረችው አንድ ነገር ነበር። መዳፍ የሚያህል፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ፣ ከእንጨት የተጠረበ የብስኩት ማተሚያ። ሊጡን ደፍጥጠውበት ሲገለብጡት ያቺ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች ልጅ ታትማ ትወጣለች። የእናቷ ነበር። እናቷ ዳቦ ቤት ነበራቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ማተሚያ ብስኩት አትመው ሸጠዋል። ለልጃቸው ሲያስረክቡ ሁለት ነገር ነግረዋታል። አንደኛ፣ «ውሃ እንዳታስነኪያት፣ ትሰነጠቅብሻለች። ዱቄት ነስንሰሽ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ።» ሁለተኛ፣ ማተሚያዋ ላይ ያለችው ልጅ ለምን ፊት እንደሌላት። ቀሚሷ፣ ቁልፎቿ፣ የጣቶቿ ጥፍር ሳይቀር ተጠርቦ ሳለ ፊቷ እንደ ሳንቲም ጀርባ ልሙጥ ነበር። «ጠራቢው ፊቷ ላይ ሲደርስ ሞተ» አሏት እናቷ። «ከዚያ ወዲህ የሚጨርሳትን እየጠበቀች ነው።»

ቀረፋ ወንፊት ስትሰጥ፣ ማንኪያ ስትሰጥ፣ ይቺን ማተሚያ ለአፍታም አልጠረጠረቻትም። በእሷ ቤት ዕቃ አልነበረችም፤ እናቷ ነበረች። እናት ደግሞ በጥርስ ብሩሽ አትፈተግም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋገሪያዋ ነበር። አንድ ቅዳሜ ትሪውን ስታወጣ ሚጢጢ በርጩማ ላይ ቆማ ጮኸች።

«እማማ! ልጅቷ አፍንጫ አበቀለች!»

ቀረፋ ሳቀች። ከዚያ አጎንብሳ አየችና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ልሙጥ በነበረው ፊት መሀል አንዲት ጉብታ ወጥታለች። ጉብታዋ ነጣ ብላለች። ማተሚያዋን አንስታ በጣቷ ዳሰሰች፤ ድሮ ልሙጥ የነበረው ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ማንም አልነካትም። ቤት ውስጥ ቢላ የያዘ፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አገጯ ወጣ። ከዚያ ግራ ዓይኗ። ለብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ይዛ ትሪው ላይ ተደርድራ ታፈጥ ነበር፤ ሁሉም ጠይም ገላ፣ ሁሉም ነጭ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ዓይን። ሚጢጢ ስትበላ ሁልጊዜ ከፊቷ ነበር የምትጀምረው።

«ለምን ከእግሯ አትጀምሪም፣ የኔ እናት?»

«ስበላት እንዳታየኝ ነዋ!»

ወሬው ደረጃውን ወጣ፣ ደረጃውን ወረደ። ስኳር ለመበደር የሚመጣው በዛ፤ የቤቱን በር አንኳኩቶ ዓይኑን ወደ ትሪው የሚወረውረው በዛ። ምላጭ ሳይቀር መቀሱን በኪሱ እንደያዘ ወጣ። አንዷን ብስኩት አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት። የወትሮው ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

«እትዬ ቀረፋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺ ሚጢጢን አልመሰለችም?»

ብስኩቷን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መለሳትና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

እውነትም ሚጢጢ መንጣት ጀምራ ነበር። ከንፈሯ ቀለም አጣ። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ። በልታ ሳትጨርስ ታስመልሳለች፤ ደረጃ ሦስት ጊዜ ቁጭ ሳትል አትወጣም። የብስኩቷ ፊት በወጣ መጠን የሕፃኗ ፊት ይጠፋ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ይህን አስተዋለ። አስተውሎስ ምን አደረገ? ከንፈሩን መጠጠ። «የሆነ ነገር ተጠግቷታል» አለ። የሆነ ነገር! ምን ነገር? ከየት? በምን በኩል? አንድም ሰው አልጠየቀ። ሰው ሲፈራ መፍራቱን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል፤ ፈርቶ ሲያበቃ የደከመ ይመስለዋል።

ቲኬት ቆራጯ እናቷ ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ተመለሰች።

«ስንዴ እየበላች ነው» አለች ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ።

«አትበላም፣ ዶክተር። ቤታችን ከገባ ቆይቷል።»

«እህቴ፣ ደሟ ነው የሚናገረው። ከአንድ ቦታ እየገባላት ነው። ሰው ይሰጣት ይሆናል፤ አጣሩ።»

ሰው ይሰጣት ይሆናል። እናትየው ይህን ቃል ይዛ በቀጥታ ምላጭ ቤት ገባች። ግማሽ ፂሙ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ እንዳለ ጮኸችበት።

«‹አንድ ቁራሽ ዳቦ ማንን ገድሏል› ስትል አልነበር? ልጄን ምንድን ነው የምታበላት?»

«እኔ? ኧረ በስመ አብ! እኔ እንኳን ዳቦ መልስ ስሰጥ እጄ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነኝ!»

«አትቀልድብኝ!»

«አልቀለድኩም» አለ፤ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ያኔ ያልኩትን አልኩ፤ አፌ ነው። እጄ ግን አልሰጠም። በልጆቼ እምላለሁ።»

አላመነችውም። ሕንፃውም አላመነውም። ለወራት ጸጉሩን ሌላ ቦታ ሄዶ የተቆረጠ ብዙ ነው።

ሚጢጢን እዚያው ቀረፋ የምትሠራበት ሆስፒታል አስተኟት። ቀረፋ ከሥራዋ ወጥታ ፎቅ ስትወጣ ልጅቷ አንሶላው ውስጥ ጠፍታ አገኘቻት። ልታስተካክልላት ጫፉን ስትይዝ ጥጉ ወደ ውስጥ የተሰበረ ነው። የራሷ እጅ የተኮሰው ነበር፤ ጠዋት፣ ከታች፣ እንፋሎቱ ውስጥ፣ ማን ይተኛበታል ብላ ሳታስብ። ዕድሜዋን ሙሉ እሳት ያላቃጠለው እጇ ከዚያ አንሶላ ላይ ተፈናጥሮ ተነሳ።

ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ማስመለሱ ቆመ። ሆዷ ጎደል አለ። ቀረፋ ደስ ብሏት ቅዳሜ ብስኩቱን ጋግራ መጣች። ሐኪሟ ምን ምን እንዳለበት ጠየቀቻት፤ ዘረዘረችላት። ሩዝ፣ ተልባ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቅመም። «ይሄማ ጥሩ ነው፤ ትብላ» አለች ሐኪሟ። ምን እንዳለበት ጠየቀች፤ ምን እንደነካው አልጠየቀችም። ሚጢጢ በላች፤ ከፊቷ ጀምራ። በዚያው ቀን ሁሉም እንደገና ተጀመረ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ።

የዚያን ቀን ኮሪደሩ ውስጥ ልጇ ያዘቻት።

«እማዬ፣ ያቺን ሁለተኛ እንዳታመጫት።»

«ማንን?»

«ፊት ያወጣችውን።»

«ብስኩት እኮ ናት፣ ልጄ።»

«ብስኩት ፊት አያወጣም! ያንቺዋ ፊት ስታወጣ የእኔ ልጅ ፊት እየጠፋ ነው። አይታይሽም? ማተሚያውን አቃጥይው!»

«የእናቴ ናት» አለች ቀረፋ፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማም።

«ይቺስ የእኔ ናት!»

እሑድ ቀረፋ ወጥ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ያ አመድ የመሰለ ብርሃን ማተሚያዋ ላይ አርፏል። አሁን ሁለት ዓይኖች፣ አፍንጫ፣ የአፍ ግማሽ። ልታቃጥላት አልቻለችም። ግን እያየችኝ ነው ብላ ፈራች፤ ቆሌዋ ተገፏል። ከመስፊያ ሣጥኗ ወስፌ አወጣች። ዓይኖቿን ላጥፋ ብላ ነው፤ እንዳታይ።

«ይቅር በይኝ» አለቻትና ወስፌውን ግራ ዓይኗ ላይ ተከለችው።

እንጨት ይመክታል ብላ ነበር ኃይሏን ሁሉ የጣለችው። አልመከተም። ወስፌው እንደ አሮጌ ልስን ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ ከዓይኗ ጉድጓድ ደረቅ፣ ነጭ፣ የሚፈረፈር ነገር ይዞ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ቀረፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን አርጥባ ነካችውና ምላሷ ላይ አደረገችው።

የእናቷ ሽርጥ ነበር። ከዳቦ ቤት ሲመለሱ አቅፈዋት ፊቷን የምትቀብርበት፣ ያ ኮምጠጥ ያለ የቆየ ዱቄት። የስንዴ ዱቄት።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጠራቢው አልሞተም ነበር። ፊቷን ጨርሶ ነው የሰጣቸው። ከቀሚሱም ከእጆቹም ይልቅ ጠልቆ የተጠረበው ፊቷ ነበር፤ ውሃ ሳይነካት፣ ዱቄት እየተነሰነሰባት፣ በደረቅ ጨርቅ እየተጠረገች ስትኖር ያ ጥልቅ ቦታ በስንዴ ዱቄት ሞልቶ፣ ጠጥሮ፣ ልሙጥ ሆነ። የስንዴው ሊጥ አይጣበቅም፤ ትቶት ይወጣል። የቀረፋ ሊጥ ግን ተልባ አለበት፤ የነካውን ይዞ ይነሳል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከዚያ ከጠጠረው ዱቄት ትንሽ ትንሽ እየላጠ ወጣ። የለቀቀው ቦታ ፊት ሆነ። የተላጠው ብስኩቱ ፊት ላይ ተለጥፎ ነጣ። ሚጢጢም እንዳታያት ብላ ከዚያው ጀመረች።

ልጇ ልክ ነበረች እንግዲህ፤ ምክንያቷ ብቻ ነው የተሳሳተው። ሕንፃው ሙሉ ደግሞ ነጩን ነገር በዓይኑ በብረቱ እያየ፣ ምንነቱን በጥፍሩ ፍቆ ለማየት እጁን አልዘረጋም።

ቀረፋ ማተሚያዋን በፌስታል ጠቅልላ ሆስፒታል ሄደች። ለሐኪሟ ነገረቻት። ሐኪሟ ወስፌው የከፈተውን ጉድጓድ አየችና «ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለች። ለልጇ መንገሩ ነበር ከባዱ። ልጇ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ወንበሩን አንስታ በአልጋውና በእናቷ መካከል አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ይኸው ነው።

ቤት ስትመለስ ቀረፋ የፈላ ውሃ በሳፋ ሞላችና ማተሚያዋን ነከረቻት። ውሃው ወተት መሰለ። ቀየረችው፤ እንደገና ነጣ። በመጨረሻ ሲጠራ እንጨቱ ከአናቱ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ከመሰንጠቁ በፊት ግን ፊቷን ሙሉውን አየችው። ሕፃን አልነበረችም። ዓይኗን የጨፈነች፣ ትልቅ፣ የማታውቃት ሴት ነበረች። ሚጢጢን አትመስልም። ማንንም አትመስልም። ያ ሁሉ ሰው መስኮት ላይ እያስጠጋ የማለበት መልክ ፍርፋሪ ነበር።

ሚጢጢ ቀስ እያለች ዳነች። ጉንጯ ተመለሰ፤ ደረጃውን ሮጣ መውጣት ጀመረች። እናቷ ከምላጭ ጋር ታረቀች፤ ይቅርታ ስትጠይቀው «ይቅርታው ይቅር፣ ደንበኞቼን መልሽልኝ» አላት። ከገዛ እናቷ ጋር ግን እስካሁን የሚነጋገሩት ስለ ጨው፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ መብራት ነው።

ቀረፋ አሁንም ቅዳሜ ትጋግራለች። ሊጡን በብርጭቆ አፍ እየቆረጠች ልሙጥ ክብ ታደርገዋለች። ሚጢጢ አንዱን ታነሳለች፤ አትበላውም። ለሁለት ትሰብረውና ግማሹን ለአያቷ ትዘረጋለች።

«አንቺ ቅደሚ።»

ቀረፋ ትበላለች። ልጅቷ እስክትውጥ ድረስ አፏን ታያለች። ከዋጠችም በኋላ ዓይኗን ከፊቷ ላይ ሳትነቅል፣ ሳትስቅ፣ ሳትናገር ትቆያለች። ያ መጠበቅ ሲያዩት ያስፈራል፤ በልጅ ፊት ላይ የማይገኝ ትዕግሥት ነው። ከዚያ «እሺ» ትላለች፤ አንዳንዴ ትበላለች፣ አንዳንዴ ግማሿን በአያቷ የሽርጥ ኪስ ውስጥ ከታ ትሄዳለች። ቀረፋ አንድም ቀን አልተቆጣቻትም። እንድትጠይቅ ነው የምትፈልገው።

ይቺ ልጅ አሁን ከቤት ወጥታ ከሌሎች ልጆች ጋር ትጫወታለች። አንድ ቀን በራችሁ ትገባለች፤ እናንተም እንደ ደግ ሰው አንድ ነገር ትዘረጉላታላችሁ። እሷ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት «ምን አለበት? በምን ተሠራ? ምን ነክቶታል?» ብላ ትጠይቃችኋለች። እባካችሁ አትሳቁባት፤ «ለዛሬ ብቻ» አትበሏት፤ ባለጌ አትበሏት። የምታውቁትን ንገሯት። የማታውቁትን ደግሞ «አላውቅም» በሏት፤ እጃችሁንም መልሱ።